መኪና ያላለፈበት ጎዳና

ጋሽ ኤልደን ሩዚችካ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከመንግሥት ጋር የተጣላው። እሱንም ቢሆን ኮፍያውን አውልቆ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው የተጣላው። መንግሥት ስላችሁ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው እንዳይመስላችሁ። የሊፖቫ ከተማን ምክር ቤት ነው የምለው። ከንቲባውና አራት ሰው ነን። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሥራዬ ጎሚስታ ነው፤ ምክር ቤት የገባሁት ሌላ የተወዳደረ ሰው ስላልነበረ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ እጅ ለማውጣት ግን ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

አያቶቻችን ከቼክ አገር መጥተው ይቺን ሊፖቫን እዚህ ኔብራስካ ሜዳ ላይ ሲቆረቁሩ ቺካጎን የምታስንቅ መስሏቸው ነበር። ገና አሥር ቤት እንኳ ሳይቆም ወረቀት ላይ ጎዳና በጎዳና አድርገው አሰመሯት። ከዚያ ባቡሩ በሌላ ከተማ በኩል አለፈ፤ ሰዉም ባቡሩን ተከትሎ ሄደ። ጎዳናዎቹ ወረቀቱ ላይ ቀሩ። ገሚሱ ላይ በቆሎ በቀለ፣ ገሚሱ ላይ ላም ታሰረ። ወፍጮ ጎዳና ደግሞ ጭራሽ ወፍጮም የለበት፣ ጎዳናም አይደለ። አስፋልቱ ጋሽ ኤልደን ቤት ጥግ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሣር ብቻ ነው፤ በጋሽ ኤልደን ቤትና በእትዬ ቬርና ሆሌቼክ ቤት መሃል አድርጎ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ጠጠር አልተደፋበት፣ መብራት አልተተከለበት። መሃሉ ላይ በየሰኔው ጥጥ የሚበትን አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። በሕግ ግን መንገድ ነው። የሁሉም ሰው።

ጋሽ ኤልደን እዚያው ቤት ተወልዶ እዚያው ቤት ነው ያረጀው። ዕድሜውን ሙሉ የገበሬ ማኅበሩ ጎተራ ውስጥ የበቆሎ መኪና ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቀን ቀን የእህል ዋጋ በሬዲዮ ያዳምጣል፤ አንድ ፍሬ በቆሎ የለውም። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። እውነቱን ለመናገር ደግም ቢሆን ቶሎ አይወጣም። ወጣት ሳለ ዳንስ ቤት አንዷን «እንደንስ ወይ?» ሊላት ሄዶ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ አኮርዲዮኑ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተቆልፎ ነበር ይላሉ። ልጅቷ ሌላ አገባች። ማን እንደሆነች አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እኛ አገር አይጠየቅም።

ሚስት ስላልነበረው ሣር ያጭድ ነበር። የራሱን ግቢ ያጭዳል፤ ሲጨርስ የማጨጃ መኪናውን ሞተር ማጥፋት አይወድም መሰለኝ፣ የከተማውን ጎዳናም እስከ ወንዙ ያጭዳል። እጨድልን ያለው የለም። ያመሰገነውም የለም፤ ብናመሰግነው ደግሞ ያፍራል። ማጨጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ሲያልፍ ከመሪው ላይ አንዲት ጣት ብድግ ያደርጋል። ሰላምታው ያ ነው። ለቄሱ ሁለት ጣት።

የእትዬ ቬርና ባል ሌናርድ ማሳ ላይ እያለ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። እንደ ወጉ ከተማው በሙሉ ምግብ ተሸክሞ ሄደ። ሁሉም ሰው የሳህኑ ቂጥ ላይ ስሙን ጽፎ ለጥፏል፤ ሐዘን ሐዘን ነው፣ ሳህን ሳህን ነው። ጋሽ ኤልደን ምግብ መሥራት ስለማይችል ሣሯን አጨደላት። በማግሥቱም አጨደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ሄደ። አንድ ቀን ወደ ማታ እትዬ ቬርና ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ወጥታ ዛፉ ሥር ተቀመጠችና ማጨጃው አጠገቧ ሲደርስ እጇን አነሳች። ሞተሩ ጠፋ።

«ኤልደን፣ ይሄን ሣር ትናንት አይደል ያጨድከው?»

«ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው።»

ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም።

«እንግዲያው ዝናቡ እስኪመጣ ወንበርህን አምጣና አረፍ በል።»

«ግቢሽ ውስጥ?»

«የምን ግቢ? መንገድ ላይ ነው ያለሁት። ከፈለግህ ከንቲባውን ጠይቅ።»

ነገሩ ይሄ ነው። እኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ወንደላጤ ግቢ ከገባች ለቅዳሜ ማታው ቅዳሴ ወሬው ከቄሱ ቀድሞ ቤተክርስቲያን ይደርሳል። በተለይ ጥጉ ላይ ኢርማ ኩትኒክ አለችላችሁ። የኢርማ መጋረጃ እንደ በሬ ጅራት ነው፤ ዝም ብሎ አይውልም። መንገድ ላይ መቀመጥ ግን የማንም ግቢ መግባት አይደለም። ማንም ማንን አልጋበዘም፣ ማንም ለማን ብድር የለበትም። ሁለት ዜጋ በሕዝብ ጎዳና ላይ አረፈ፣ በቃ።

እና እንደዚህ ሆኖ ቀረ። በጋውን ሙሉ፣ ከእራት በኋላ፣ ሁለት ወንበር ዛፉ ሥር። እሱ በራሱ ቤት በኩል፣ እሷ በራሷ ቤት በኩል። መሃላቸው አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ይተዋሉ። መንገድ ነዋ! መኪና ቢመጣስ? ማንም ሰው እዚያ መኪና አይቶ አያውቅም፤ ቢመጣም ወንዝ ውስጥ ከመግባት በቀር የሚሄድበት የለውም። ሆኖም ሕግ ሕግ ነው። ስለዚህ ሲያወሩ ትንሽ ጮክ እያሉ ነው። ኢርማ ሁሉንም ትሰማለች፤ ስለ ቲማቲም ነው የሚያወሩት። ተስፋ ቆረጠች።

ታዲያ አንድ የጸደይ ወር አንድ የኢንሹራንስ ሰውዬ መጣና ከተማዋን ዞሮ አየ። ወፍጮ ጎዳና መጨረሻ ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው ከከተማው መንገድ ተንሸራቶ እዚህ ቢገባ ከተማው ነው የሚከሰሰው፤ የማትጠቀሙበትን መንገድ ለምን ተሸክማችሁ ትኖራላችሁ? ተዉት አለን። ሕጉ ቀላል ነው። ከተማው መንገዱን ሲተው መሬቱ መሃል ለመሃል ይከፈልና ግራና ቀኝ ላሉት ቤቶች ይሆናል። ለዚህ ግን ውሳኔው በሦስት ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ መነበብ አለበት፤ ሰው ሐሳቡን እንዲሰጥ። ሰው ሐሳቡን ሰጥቶ አያውቅም። ስብሰባ ላይ የሚመጣው ኢርማ ናት፤ እሷም ለወሬው ነው።

በመጀመሪያው ንባብ ቀን ጋሽ ኤልደን መጣ። የቀብር ሸሚዙን ለብሷል። እትዬ ቬርና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከንቲባችን ጌይለን የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነው ያለው፤ ሰው ሁሉ ደንበኛው ስለሆነ ማንንም አይቆጣም።

«ኤልደን፣ ልትናገር ነው?» አለ ደንግጦ።

ጋሽ ኤልደን ተነሳ። ኮፍያውን ሁለቴ አዞረ። «ይቅርታ። መንገዱ ባይዘጋ።»

«ለምን?»

«ያገለግላል።»

«ለምን ያገለግላል?»

«ለ… ማለፊያ።»

«ማን ያልፍበታል?»

ጋሽ ኤልደን አሰበ። «ማለፍ የሚፈልግ ሰው» አለ በመጨረሻ።

«እሺ፣ መኪና አልፎበት ያውቃል?»

«እስካሁን አላለፈም። እኛ ግን ቦታ እንተውለታለን።»

«እናንተ? እናንተ እነማን ናችሁ?»

ጋሽ ኤልደን እንደ ቀይ ሥር ቀላ። እትዬ ቬርና ጫማዋን ታይ ነበር፤ የዚያን ቀን ያየችውን ያህል ጫማዋን ከገዛች ጀምሮ አይታው አታውቅም። ኢርማ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ጋሽ ኤልደን «ይቅርታ» ብሎ ቁጭ አለ። ከመንግሥት ጋር የነበረው ጠብ በዚህ አለቀ።

በነጋታው ሱቄ መጣ። ምንም ያልሆነ ጎማ አንከባሎ። ጎማውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አረፋ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ካንተ የበለጠ ጤነኛ ነው።»

«ደህና። ጥሩ።» አልሄደም። «አንተ ልጅ፣ ይሄ መንገድ መቼም መዘጋቱ አይቀርም?»

«አይቀርም ጋሼ። ኢንሹራንሱ ነው።»

«ከተዘጋ ግማሹ የኔ ግቢ ይሆናል። ቬርና ሳትጠራ ሰው ግቢ አትገባም።»

«ጥራታ!»

«ብጠራት እንግዳ ትሆናለች። እንግዳ ከሆነች ኢርማ አለች።» ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ደግሞ እምቢ ብትለኝስ?»

«እሺ ብትልህስ?»

«እሱን ጭራሽ አላሰብኩትም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አመጣው። «የኔን ድርሻ ለሷ ጻፉላት። ዛፉም፣ ጥላውም፣ ሁሉም የሷ ይሁን። ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ቢቀመጥ ማን ምን ይለዋል? እኔ ሣሩን ላጭድ እመጣለሁ። ሣር የሚያጭድ ሰው እንግዳ አይባልም።»

«ንገራታ ታዲያ።»

«አብደሃል? ብነግራት አልቀበልም ትላለች። አንተም እንዳትነግራት፤ ማልልኝ።»

ማልኩለት።

እዚህ ላይ ስለ ዝኩኒ ልንገራችሁ። እኛ አገር ለሰው ፊት ለፊት መስጠት አይቻልም። ፊት ለፊት ከሰጠኸው «ኧረ ተው፣ አይሆንም» ይላል፤ አንተ «በሞቴ» ትላለህ፤ እሱ «አንተ ምን ትበላለህ?» ይላል፤ እንዲህ ስትሉ በረዶ ይጥላል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ዝኩኒ ሲበዛብን ሰው ቅዳሴ ውስጥ ሳለ መኪናው ውስጥ አስቀምጠንለት እንሄዳለን። ሊፖቫ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኪና የሚቆልፍ ሰው የለም፤ ነሐሴ ላይ ግን ሁሉም ይቆልፋል። አንዴ መኪናህ ውስጥ የገባ ዝኩኒ ደግሞ አይመለስም። መመለስ ስድብ ነው።

በሁለተኛው ንባብ ሰሞን እትዬ ቬርና መኪናዋን እየነዳች መጣች። እሷም ጎማዋ ምንም አልሆነም።

«እይልኝ እስቲ፣ ወደ ግራ ይጎትታል።»

«እትዬ፣ ወደ ግራ የሚጎትተው መሪውን ወደ ግራ ስለያዝሽው ነው።»

«በል ነገረኛ! ና ወዲህ።» መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ያንን ሣር ዕድሜውን ሙሉ ያጨደው ኤልደን ነው። ነው አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ግማሹን እኔ ምን ቤት ነኝና ነው የምወስደው? የኔን ድርሻ ለሱ አድርጉለት። ሙሉውን ይውሰድ። እኔ ሲያጭድ ቀዝቃዛ ሻይ ይዤለት ብቅ እላለሁ። ለተጠማ ሰው የሚጠጣ ማቀበል ሰው ቤት መሄድ አይባልም፤ ቄሱም ያውቁታል።»

«ለሱ ንገሪው ታዲያ።»

«ምላስህ ይቆረጥ! ብትነግረው እኔና አንተ ተቆራረጥን። ማልልኝ።»

ለሷም ማልኩላት፤ ለወሬ እንዳይመች ጎማውን አስወልቃ ትታልኝ በመለዋወጫው ሄደች። ሰው ማለ ማለ ነው። ውሳኔውን የሚጽፍልን ጠበቃ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ የሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ቀን ደውዬ ነገርኩት። ሰውዬው የሚከፈለው በገጽ ነው፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። እኔም ምክር ቤቱ ውስጥ ሌላ መዝናኛ ስለሌለ ሦስተኛውን ንባብ በጉጉት ጠበቅኩ።

በዚያ መሃል ያሉት ምሽቶች ግን አያስቁም ነበር። አንድ ቀን ጎማ ላደርስ በዚያ ሳልፍ አየኋቸው። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል፣ የመኪናው ቦታ መሃላቸው አለ፤ ስለ ቲማቲም እንኳ አያወሩም። ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ናቸው፤ ባቡሩ ደግሞ አንደኛውን ይዞ የሚሄድ ይመስላል። ጋሽ ኤልደን አንድ ጣቱን አነሳልኝ። ግማሽ ድረስ ብቻ ነው ያነሳት።

ሦስተኛው ንባብ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ ሞላ ስላችሁ ዘጠኝ ሰው። ጌይለን መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ከተማው ከእንግዲህ የማይጠቀምበትን የወፍጮ ጎዳና መጨረሻ ትቷል። ከመንገዱ በምዕራብ ያለው ግማሽ፣ ማለትም ከአቶ ኤልደን ሩዚችካ ቤት አጠገብ ያለው፣ ለ… ለወይዘሮ ቬርና ሆሌቼክ ይሆናል።» ቆም አለ። ቀጠለ። «በምሥራቅ ያለው ግማሽ፣ ከወይዘሮ ቬርና ቤት አጠገብ ያለው፣ ለአቶ ኤልደን…» መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ነገር ተገለባብጧል እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አልተገለባበጠም» አልኩ። «ሁለቱም ድርሻቸውን ሰጥተዋል።»

«ለማን?»

«እርስ በርሳቸው።»

ከዚያ እትዬ ቬርና ብድግ አለች።

«ኤልደን! ማን ስጠኝ አለህ?»

«አንቺስ?» አለ ጋሽ ኤልደን። በዕድሜው በፍጥነት የመለሳት መልስ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ዕድሜህን ሙሉ ያጨድከው መሬት ነው ብዬ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ጥላው እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!»

«ይቅርታ» አለ ጋሽ ኤልደን።

ጌይለን ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ ነው። «ቆይ፣ ቆይ። ኤልደን ወደ መሬቱ ለመድረስ በቬርና መሬት ላይ ማለፍ አለበት። ቬርናም ወደ መሬቷ ለመሄድ በኤልደን መሬት ላይ። በየቀኑ! ይሄ ምን ዓይነት ጣጣ ነው? ገና አልጸደቀም፣ እናስተካክለው። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።»

«የሰጠሁትን አልመልስም» አለች እትዬ ቬርና።

«እኔም» አለ ጋሽ ኤልደን።

«አያችሁ፣ እንደ ዝኩኒ ነው» አልኩ እኔ። ሁሉም ገባቸው። ጌይለን እንኳ ራሱን ነቀነቀ፤ በዝኩኒ ነገር ከንቲባም ሥልጣን የለውም።

ያን ጊዜ ኢርማ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች። በምክር ቤታችን ታሪክ ሕዝቡ ሐሳብ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ተነስታ። «ከእንግዲህ ማን ነው ማን ቤት ሄደ የሚባለው?»

ጌይለን አሰበ። እኔም አሰብኩ። ዛፉ ሥር እሱ በለመደበት ቦታ ቢቀመጥ መሬቱ የሷ ነው። እሷ በለመደችበት ብትቀመጥ መሬቱ የሱ ነው።

«ሁለቱም እንግዳ ናቸው» አለ ጌይለን። «ሁለቱም ባለቤት ናቸው። ኢርማ፣ ይሄንን ወሬ ማድረግ የምትችይ አይመስለኝም።»

ኢርማ ለሰሚ በሚሆን መልኩ ልትጠቀልለው ሞከረች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ። አልሆነላትም። ቁጭ አለች። እጃችንን አወጣን፣ ጸደቀ።

የመሬት ቀያሹ መጥቶ ዛፉ ሥር መሃል ለመሃል አንድ የወሰን ብረት ቸነከረና ሄደ። ያን ዕለት ማታ እኔ ለእትዬ ቬርና የመኪናዋን ጎማ ልመልስ ሄጄ ነበር፤ ምንም ባይሆንም እንድይዘው አስገድዳኝ ነበር እኮ። ስለዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጋሽ ኤልደን እንግዳ ስለሆነ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ቢራ ይዟል። ባለቤትም ስለሆነ ደግሞ የሚቆረጠም ነገር አቅርቧል። እትዬ ቬርና እንግዳ ስለሆነች መሃሉ ፕሪም የገባበት ኮላች የሚባል የቼክ ዳቦ ይዛለች፤ ባለቤት ስለሆነች ደግሞ የተጠበሰ ዳክዬ ከነጎመኑ አውጥታለች። የሁለት ሰው እራት ሳይሆን የሠርግ ነው የሚመስለው። ለእኔም ሳህን ሰጡኝ። «ኧረ ተዉ» አልኩ፣ እንደ ወጉ፤ ከዚያ በላሁ።

ጋሽ ኤልደን ወንበሩን ዘርግቶ እንደ ሁልጊዜው ቦታው ላይ አደረገ። እትዬ ቬርና ወንበሯን ብረቱ አጠገብ አድርጋ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ምን ሆነህ ነው እዚያ ማዶ የተቀመጥከው?»

«ቦታ ትቼ ነዋ።»

«ለምን?»

«ለመኪና።»

«የምን መኪና ኤልደን? መንገድ እኮ አይደለም ከእንግዲህ።»

ጋሽ ኤልደን መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ በኩል አየ። ከዚያ ወደ ወንዙ በኩል አየ፤ መንገድ ሊሻገር እንደሚል ሰው፣ ግራውንም ቀኙንም አጣርቶ። የሚመጣ ነገር አልነበረም። ተነሳ፣ ወንበሩን አጠፈ፣ ተሸክሞ ተሻገረና ብረቱ ጫፍ ላይ፣ ከወንበሯ ጋር ክንድ ለክንድ አድርጎ ዘረጋው። ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳወሩ አላውቅም። ኢርማም አታውቅም፤ ደውላ ጠይቃኝ ነበር። አሁን ጮክ ብለው አያወሩም።